የመጫኛ መድረክ እንዴት ይሠራል? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ መጋዘን ለሚሠራም፣ ለሚጭንም

#ፍኖተ_ሰላም #ቡሬ #ግንባታ

ጫኝ 100 ኪሎ በቆሎ ትከሻው ላይ አድርጎ በምትወዛወዝ ሳንቃ ወደ መኪና ሲወጣ ሁላችሁም አይታችኋል። ያቺ ሳንቃ እዚያ የተገኘችው በአጋጣሚ አይደለም። መጋዘኑ ሲሠራ አንድ ነገር ስለተረሳ ነው፦ የመጫኛ መድረክ።

ብዙ ባለሀብት ለቆርቆሮው፣ ለግንቡ፣ ለበሩ ያስባል። መኪናና መጋዘን የሚገናኙባት አንድ ሜትር ከምናምን ከፍታ ግን መጨረሻ ላይ "ግንበኛው ያውቀዋል" ተብላ ትተዋለች። ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግ የለም፤ ማፍረስ ነው።

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ግን መጋዘን ለምትሠሩ፣ ኮንስትራክሽን ለተማራችሁ፣ በጫኝና አውራጅ ማኅበር ለተደራጃችሁ ይጠቅማል። ሴቭ አድርጉት።

👉 መጫኛ መድረክ ምንድን ነው?

ቀላል ነገር ነው። ከመጋዘኑ ወለል ጋር እኩል የሆነ፣ ከመኪናው አልጋ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ሜዳ ማለት ነው። ባለሙያዎች ሎዲንግ ዶክ ይሉታል። መኪናው ይጠጋል፣ ዕቃው በጋሪ ወይም በትከሻ ቀጥ ብሎ ይገባል። መውጣት የለ፣ መውረድ የለ።

ቁልፉ "ቀጥ ብሎ" የሚለው ነው። መድረኩ ኖሮ ከፍታው ከመኪናው ጋር ካልገጠመ፣ ወጪ ብቻ ነው የተረፈው።

👉 በቁጥር እንየው

መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 400 ኩንታል ይጭናሉ እንበል። የመኪናው አልጋ ከመሬት 1.20 ሜትር ከፍ ይላል። መጋዘኑ ከመሬት እኩል ከሆነ እያንዳንዱ ኩንታል 1.20 ሜትር ወደ ላይ መውጣት አለበት።

400 × 1.20 = 480 ሜትር።

አንድ ፎቅ 3 ሜትር ነው ካልን ይሄ 160 ፎቅ ነው። 8 ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 20 ፎቅ ይደርሰዋል። 100 ኪሎ ተሸክሞ። ለአንድ መኪና ብቻ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ መኪና ሊመጣ ይችላል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው 128ኛ ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በሰው ጉልበት የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ ወደዚያ ለማውረድ እርምጃ ይወሰድ ይላል። የኛ ኩንታል የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 18 ዓመት ያልሞላቸውን ወጣቶችም ለሕይወታቸው ወይም ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ማሠራት አይቻልም ይላል።

ስለዚህ መድረክ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ወገብ ነው፣ ጉልበት ነው፣ አንገት ነው።

ባለ መጋዘኑም ይጎዳል። መኪና በቆመ ሰዓት ልክ ኪራይ ይቆጥራል። ከሳንቃ የወደቀ ጆንያ ይቀደዳል። ዝናብ ድንገት ሲመጣ ግማሹ ጭነት ውጭ ነው። በቆሎ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ ከተፈለገ እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሲጫን የረጠበ ጆንያ ግን ከደረቁ መሀል ገብቶ ሻጋታውን ያካፍላል።

👉 ለምን ምዕራብ ጎጃም ላይ?

ምክንያቱም እዚህ የሚጫን ነገር አለ። በቆሎው፣ ስንዴው፣ ጤፉ፣ በርበሬው።

የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከይርጋለም፣ ከቡልቡላና ከባዕከር ጋር በአገር ደረጃ ከታቀዱት አራት የመጀመሪያ ፓርኮች አንዱ ነው። የፓርኮቹ አሠራር ታዲያ ፋብሪካው ውስጥ አይጀምርም። በዙሪያው ባሉ ከተሞች የገጠር ሽግግር ማዕከላት እንዲኖሩ ታቅዷል። ምርት ከገበሬው እዚያ ይሰበሰባል፣ ይለያል፣ ይከማቻል፣ ከዚያ ወደ ፓርኩ ይጓዛል። ፍኖተ ሰላም ለቡሬ ፓርክ ከተመረጡት የማዕከል ቦታዎች አንዷ ናት።

ይሄ ማለት አንድ ኩንታል ፋብሪካ እስኪደርስ ቢያንስ ሁለቴ ይወርዳል፣ ሁለቴ ይጫናል። ከገበሬው ጋሪ ይወርዳል፣ ወደ መኪና ይጫናል፣ ፋብሪካ ላይ ይወርዳል፣ ምርት ሆኖ እንደገና ይጫናል።

ቡሬ ላይ በዚያው 2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የፌቤላን የዘይት ፋብሪካ ውሰዱ። አቅሙ በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር እንደሆነ ተነግሯል። ዘይት በሊትር ወደ 0.92 ኪሎ ይመዝናል። በሙሉ አቅም ቢመረት በቀን 1,380 ቶን ገደማ ነው። 40 ቶን በሚጭን መኪና ከ34 መኪና በላይ። ያውም የሚወጣው ዘይት ብቻ ነው፤ የሚገባው ጥሬ ዕቃ አልተቆጠረም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አንድ መኪና ለመጫን አንድ ሰዓት መቆጠብ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ግንባታው።

👉 1. መጀመሪያ መኪናውን ለኩ

ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ። መጋዘናችሁ ጋ የሚመጡትን መኪኖች አልጋ ከመሬት ለኩ። ባዶውንም፣ የተጫነውንም። ሲጫን ባሌስትራው ስለሚተኛ አልጋው በ10 ሳንቲም ገደማ ዝቅ ሊል ይችላል።

እንደ መነሻ እነዚህን ያዙ፤ ግን በልካችሁ አረጋግጡ፦

• ትንሹ ኢሱዙ ኤን.ፒ.አር፦ 1 ሜትር አካባቢ
• ኢሱዙ ኤፍ.ኤስ.አር፦ 1.15 እስከ 1.25 ሜትር
• ትልልቆቹ የጭነት መኪኖችና ተሳቢዎች፦ 1.30 እስከ 1.50 ሜትር

በውጭ አገር የተለመደው የመድረክ ከፍታ ከ1.20 እስከ 1.30 ሜትር ነው። እሱን ዝም ብሎ መቅዳት ግን ያስቸግራል። የናንተ ደንበኛ በአብዛኛው ኤን.ፒ.አር ከሆነ 1.30 ሜትር መድረክ ሠርታችሁ ከመድረክ ወደ መኪና መውረጃ ሳንቃ ልትፈልጉ ነው።

የሚመጡት መኪኖች የተለያዩ ከሆኑ አንድ መድረክ ለሁለት ከፍታ ይከፈላል፦ ለምሳሌ ግማሹ 1.05፣ ግማሹ 1.30 ሜትር። መሀላቸውን በአጭር ተዳፋት ማገናኘት ነው። ለቀረችው ክፍተት ወፍራምና ሻካራ ላሜራ እንደ ድልድይ ይነጠፋል። ላሜራው እንዳይንሸራተት ከሥሩ መንጠቆ ይበየድለት።

👉 2. ከኋላ ነው የሚጫነው ከጎን?

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ሥዕል ሁሉ መኪና በኋላው ሲጠጋ ነው። እነሱ አገር መኪናው እንደ ሣጥን ዝግ ነው፣ በሩ ከኋላ ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ጭነት መኪና ስፖንዳው በጎን ይከፈታል። ተሳቢ ያለው ደግሞ ወደኋላ መሄድ ፈተና ነው። ቢሄድም መድረኩ ላይ የሚደርሰው ተሳቢው ብቻ ነው፤ የዋናው መኪና ኋላ በተሳቢው ተይዟል።

ስለዚህ ተሳቢ ለሚበዛበት መጋዘን የጎን መድረክ ይሻላል። መኪናው በመድረኩ ርዝመት ትይዩ ይቆማል፣ ስፖንዳው ይከፈታል፣ ከሁለት ሦስት ቦታ በአንዴ ይጫናል። መኪናና ተሳቢን አንድ ላይ ለማስተናገድ መድረኩ 20 ሜትር አካባቢ ርዝመት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! መድረኩ ከመኪናው አልጋ ከፍ ካለ ስፖንዳው አይከፈትም፤ ኮንክሪቱ ይይዘዋል። የጎን መድረክ ከዝቅተኛው የተጫነ አልጋ ከ5 እስከ 10 ሳንቲም ዝቅ ይበል። ያኔ ስፖንዳው መድረኩ ላይ ይተኛል።

ኮንቴይነር ግን በኋላ በኩል ነው የሚከፈተው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ወይም ለኤክስፖርት የሚሄድ ኮንቴይነር ካላችሁ ቢያንስ አንድ የኋላ መጠጊያ ያስፈልጋል። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ወለሉ ከፍ ይላል፤ እሱንም ለብቻ ለኩ።

ለአንድ መኪና የኋላ መጠጊያ ስፋት ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ይያዝ። መኪናው ራሱ 2.5 ሜትር ነው፣ ቀሪው ለመስታወቱና ለሹፌሩ ነው። ከፊት ለፊቱ ለኤፍ.ኤስ.አር 18 ሜትር፣ ለረጅም መኪና ከ35 ሜትር ያላነሰ መዞሪያ ካልተተወ መኪናው ግማሽ አካሉን አስፋልት ላይ ጥሎ ነው የሚጭነው። የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር መንገድ ዳር ይሄ ሰው ያስገድላል።

👉 3. የገበሬውን ጋሪ አትርሱ

ምርት ወደ መጋዘን የሚገባው በመኪና ብቻ አይደለም። በአህያ ጀርባ፣ በፈረስ ጋሪ፣ በባጃጅ ይመጣል። መጋዘኑን በሙሉ 1.20 ሜትር ከፍ ካደረጋችሁትና ሌላ መግቢያ ካልተዋችሁ፣ የጫኙን ሸክም ለገበሬው አሳለፋችሁት ማለት ነው።

መፍትሔው በተቃራኒው በኩል ተዳፋት መሥራት ነው። ለእጅ ጋሪ ምቹ የሚባለው በ12 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ ነው። ለ1.20 ሜትር ከፍታ 14.4 ሜትር ርዝመት ይወስዳል። ቦታ ከጠበበ በ8 ሜትር 1 ሜትር ይደረጋል፤ ያኔ 9.6 ሜትር ይበቃል፣ ግን ጋሪውን የሚገፋው ሁለት ሰው ነው። መሬቱ ራሱ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። በላይኛው በኩል ጋሪ ይገባል፣ በታችኛው መኪና ይቆማል። ቦታ ስትመርጡ ይሄን አስቡ።

👉 4. ጉድጓድ አትቆፍሩ

አንዳንዱ መጋዘኑን ከመሬት እኩል ሠርቶ በኋላ መድረክ ሲፈልግ የመኪናውን መቆሚያ ይቆፍራል። መኪናው ዝቅ ሲል አልጋው ከወለሉ ጋር ይስተካከላል። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ክረምት ነው።

አካባቢያችን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 8 በ18 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 144 ካሬ ነው። አንድ የ30 ሚሊ ሜትር ዶፍ 4,320 ሊትር ይጥልበታል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትቆጥሩ ከ21 በላይ። በራሱ የሚወጣበት ዝቅ ያለ ቦይ ከሌለ ኩሬ ሆኖ ይከርማል። በዚያ ላይ መኪናው ወደ ግንቡ ሲያዘነብል የጭነቱ አናት ቆርቆሮውን ይመታል።

ስለዚህ መኪናውን ከማውረድ ወለሉን ማንሳት ይሻላል። መኪና መቆሚያውም ከመድረኩ በመራቅ አቅጣጫ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ዝቅ ይበል። ውሃው ከመድረኩ ሥር ይሸሻል ማለት ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ መቆሚያው አፈር ከሆነ ጎማ ይቆፍረዋል፣ በየዓመቱ ገረጋንቲ ይደፋበታል። 15 ሳንቲም ገረጋንቲ ሲጨመር የ1.20 ሜትር መድረካችሁ 1.05 ሆነ። ማንም ሳይነካው! ቢያንስ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ኮንክሪት ወይም ኮብልስቶን አድርጉት።

👉 5. ግንባታው ደረጃ በደረጃ

ፈቃድና ዲዛይን ይቅደም። ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ሳይወጣ አትጀምሩ። 1.20 ሜትር አፈር የሚይዝ፣ መኪና የሚገፋው ግንብ ስለሆነ መሐንዲስ ይየው።

መሠረት። ጥቁር መረሬ ከሆነ ተጠንቀቁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግንቡንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ተቆርጦ ይውጣና በተመረጠ አፈር ይተካ። ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ ጠንካራው እስኪገኝ መቆፈር ነው።

ደጋፊ ግንብ። በድንጋይ ከሆነ 50 ሳንቲም ውፍረት፣ መሠረቱ ላይ ከ60 እስከ 70 ሳንቲም። በየ1.5 እስከ 2 ሜትሩ የፒ.ቪ.ሲ ቱቦ ቁራጭ ይቀበርበት፤ ከጀርባ የገባ ውሃ የሚወጣበት እሱ ነው። ይሄ ከተረሳ ክረምት ላይ ውሃ የጠጣ አፈር ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ሙሌት። ብዙ መድረክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፈሩ አንዴ ተደፍቶ ከላይ ብቻ ከተጠቀጠቀ ከሥር ባዶ ነው። በየ20 ሳንቲሙ እርጥበት እየተሰጠው በማሽን ይጠቅጠቅ። በላዩ 20 ሳንቲም ሃርድኮር።

ፌሮ። ለእጅ ጋሪና ለሰው የሚሆን 15 ሳንቲም ኮንክሪት ላይ ባለ 10 ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ በሁለቱም አቅጣጫ። ፎርክሊፍት የሚገባ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። 3 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ከነጭነቱ ከ7 ቶን በላይ ይሆናል፣ አብዛኛው ክብደት በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ያኔ 20 ሳንቲም ውፍረትና ድርብ ፌሮ፣ የመድረኩም ጥልቀት ከ4 ሜትር ያላነሰ ይሁን። ፌሮው መሬት ላይ አይተኛ፤ ከሥሩ የሲሚንቶ ታኮ ይደረግለት።

ጠርዝ። መኪና የሚመታው፣ ጋሪ የሚያልፍበት እሱ ነው። 30 በ40 ሳንቲም የሆነ የኮንክሪት ቢም ይሠራለትና ጫፉ በአንግል ብረት ይታሰር። አንግሉ ላይ በየ30 ሳንቲሙ ፌሮ ተበይዶ ኮንክሪቱ ውስጥ ይቀበር። በምስማር የተያዘ አንግል ብዙም አይቆይ።

ኮንክሪት። ሲ-25 ለማግኘት በተለመደው ሳጥን 1 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር። ውሃው ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር አካባቢ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። "እንዲፈስልን ትንሽ ውሃ ጨምር" የሚለው ነገር ከሲሚንቶ ሌባ አይተናነስም፤ ጥንካሬውን ይሰርቃል። በቫይብሬተር ይጠቅጠቅ።

አሸዋውን ፈትኑ። ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ ላይ ውሃ ሞልታችሁ አናውጡና አስቀምጡት። ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

መገጣጠሚያ። መድረኩን ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር አታጣብቁት። 1 ወይም 2 ሳንቲም ክፍተት ተውና በፎምና ሬንጅ ይሞላ። ወለሉም በየ3 ሜትር አካባቢ 4 ሳንቲም ጥልቀት ይቆረጥ፤ መሰንጠቁ ካልቀረ በመስመር ይሰንጠቅ።

ፊኒሺንግ። ሊሾ አታድርጉት! ሲረጥብ ሰው ይጥላል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሻካራ ይደረግ፣ ከበሩ ወደ ውጭ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ያዘንብል።

ውሃ ማጠጣት። ቢያንስ 7 ቀን፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ። የበጋ ፀሐይና ነፋስ ኮንክሪቱን ቀድመው ያደርቁታል። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። ከዚያ በፊት መኪና አይጠጋው።

ጊዜውንም አስቡ። የበቆሎ ምርት ከኅዳር ጀምሮ ይጎርፋል። ከጥር እስከ ሚያዝያ የተሠራ መድረክ ከዝናቡም ከወረፋውም ያመልጣል።

👉 6. ስንት ከረጢት ይፈጃል?

ሁለት መኪና ጎን ለጎን በኋላ የሚጠጉበት፣ 8 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ጥልቀት፣ 1.20 ሜትር ከፍታ ያለው መድረክ እናስላ። ፎርክሊፍት የለም።

• ወለል፦ 8 × 3 × 0.15 = 3.6 ሜትር ኩብ
• የጠርዝ ቢም በሦስት ጎን፦ 14 × 0.30 × 0.40 = 1.68 ሜትር ኩብ
• ድምር ኮንክሪት፦ 5.28 ሜትር ኩብ
• ሲሚንቶ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ፦ 1,900 ኪሎ ገደማ፣ ወይም 38 ከረጢት። ብክነቱን ጨምሮ 40 ከረጢት ያዙ
• የወለሉ ባለ 10 ፌሮ፦ 251 ሜትር፣ ወደ 155 ኪሎ። ባለ 12 ሜትሩ ሲገዛ ከመደራረቢያው ጋር 23 ዘንግ። የቢሙ ለብቻ ነው
• የድንጋይ ግንብ ከመሠረቱ ጋር፦ ወደ 10 ሜትር ኩብ፤ ለሞርታሩ ሌላ 20 ከረጢት ያህል
• ሃርድኮር፦ 3.5 ሜትር ኩብ
• ሙሌት፦ ተጠቅጥቆ 15 ሜትር ኩብ፤ ሲገዛ ልቅ ስለሆነ 18 እና 19 ይሆናል

ዋጋውን ሆን ብለን አልጻፍነውም። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ይሄን ጽሑፍ ሳታነቡ ይቀየራል። በሰፈራችሁ የዛሬ ዋጋ አባዙት። ከዚያ ከመጋዘኑ ጠቅላላ ወጪ ጋር አስተያዩት፤ መድረኩ ከጠቅላላው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

👉 7. ርካሽ፣ ግን ሰው የሚያድኑ ነገሮች

• ያረጀ ጎማ ተቆርጦ በብሎን ፊት ለፊት ይታሰር። 20 ቶን መኪና በእግረኛ ፍጥነት ቢመታው እንኳ ኮንክሪቱን ይሰብራል፤ ጎማው ግፊቱን ይበላል። በመኪናና በመድረክ መሀል የቆመ ሰው ካለ ግን ጎማ አያድነውም። መኪና ሲጠጋ እዚያ ማንም አይቁም።
• ለመኪናው ጎማ ታኮ። እየተጫነ ያለ መኪና ወደፊት ሲንሸራተት መሀል ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ ሰው ይገባበታል። ቁልፉ ከሹፌሩ እጅ ወጥቶ መጋዘን ጠባቂው ጋ ቢቀመጥ ይመረጣል።
• ጠርዙ ቢጫ ይቀባ። ማታ መብራት ይኑር።
• ደረጃ ይሠራለት፣ መደገፊያ ብረት ያለው። 1.20 ሜትር መዝለል በቀን ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ጉልበት ይጨርሳል።
• ጣሪያ። ቆርቆሮው ከመድረኩ ጠርዝ አልፎ ቢያንስ 1.5 ሜትር መኪናው ላይ ይውጣ፣ ከፍታው ከ4.5 ሜትር አያንስ። የተጫነ መኪና እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። አሸንዳውን እንዳትረሱት፤ ያለ እሱ የጣሪያው ውሃ ጫኙ አንገት ላይ ነው የሚወርደው።

👉 "መድረክ ሲሠራ ሥራችን አይጠፋም ወይ?"

ይሄ ከጫኝና አውራጅ ወጣቶች የሚነሳ ተገቢ ጥያቄ ነው።

መድረክ ሰውን አይተካም። ሰው የሚተካው ፎርክሊፍትና ፓሌት ሲመጣ ነው። በጆንያ የሚጫን እህል እስካለ የሚያነሳው፣ የሚደረድረው፣ የሚቆጥረው ሰው ነው። መድረኩ የሚያስቀረው መውጣትና መውረዱን ነው። ክፍያ በኩንታል እስከሆነ ድረስ ደግሞ ቶሎ የተጫነ መኪና ለቡድኑም ለሌላ መኪና ጊዜ ይሰጠዋል።

አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ባለ መጋዘኑ "አሁንማ ቀለላችሁ" ብሎ የኩንታሉን ሒሳብ ለመቀነስ ሊሞክር ይችላል። መድረኩ ከመሠራቱ በፊት ማኅበራችሁ ዋጋውን በጽሑፍ ይዋዋል። ከፍታው ሲወሰንም እናንተን ይጠይቁ። የትኛው መኪና እንደሚበዛ፣ ስፖንዳው የት እንደሚይዝ፣ ውሃው የት እንደሚተኛ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

👉 በአጭሩ፦ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት እነዚህን ጠይቁ

1. የሚመጡት መኪኖች አልጋ ባዶውን ስንት፣ ተጭኖ ስንት ነው?
2. ጭነቱ ከጎን ነው ከኋላ? ስፖንዳው ይከፈታል?
3. ገበሬው ጋሪውን በየት ያስገባል?
4. የሐምሌ ዝናብ በየት ይወጣል?
5. ሙሌቱ በየ20 ሳንቲሙ ተጠቅጥቋል?
6. ጫኞቹ ምን አሉ?

ስድስቱም ከተመለሱ ግንበኛውን ጥሩት። አንዱ ከጎደለ ሲሚንቶው ለጊዜው መጋዘን ይቀመጥ።

መጋዘን ለሚሠራ ሰው ሼር አድርጉለት። እናንተ ሰፈር መድረኩ ስንት ሜትር ነው? ለክታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።